አንድ ዋንጫና ሁለት ፍርድ

ጠላ ሲጠመቅ አይቶ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። ጌሾውን የምትወቅጠው፥ ብቅሉን የምታበቅለው፥ አሻሮውን የምትቆላው፥ ጋኑን በወይራ የምታጥነው ሴት ናት። ቀምሳ «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» የምትለውም እርሷው ናት። በልጅነቴ ግን በአንድ ሠርግ ቤት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ለሠርጉ የተጠጣውን ጠላ ሁሉ የጠመቀችው አንዲት የጎረቤታችን ሴት ነበረች። ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ስትለፋ ከሰነበተች በኋላ፥ በመጨረሻው ማታ ከጓዳ ወጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠችና ሁለት ዋንጫ ጠጣች። ሳቅ አበዛች፤ እስክስታም ወረደች። በማግሥቱ በመንደሩ የሚወራው የእርሷ ነገር ብቻ ሆነ። ባሏ በዚያው ሌሊት ራሱን ስቶ ሁለት ጎረምሶች በትከሻቸው ደግፈው እቤቱ ያደረሱት ሰው ነበረ፤ ስለ እርሱ ግን የተባለው «ሠርግ አይደለም እንዴ!» የሚል ብቻ ነው።

እኔም ልጅ ነበርሁና ከሌሎቹ ጋር አብሬ ሳቅሁባት። ካደግሁ በኋላ የታሪክ መጻሕፍት ሳገላብጥ፥ ያ የመንደራችን ፍርድ ብዙ ሺህ ዓመት ያስቈጠረ፥ ብዙ አገር የዞረ፥ በየዘመኑም መልኩን የለዋወጠ ሆኖ አገኘሁት። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ የዚያን ፍርድ ታሪክ ነው። የመጠጥ ጠበቃ ለመሆን አላሰብሁም፤ መጠጥ ያፈረሰውን ቤት እኔም አይቻለሁ። የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አንዱ ሲጠጣ «ጨዋታ» የተባለው፥ ሌላዪቱ ስትጠጣ «ነውር» የተባለው በምን ምክንያት ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የመጠጥ ነገር በጽሑፍ ተመዝግቦ ከምናገኝባቸው አገሮች ቀዳሚው በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ያለው ምድር ነው። የሱመር ሰዎች ከገብስ የሚጠምቁት መጠጥ ነበራቸው፤ የእርሱም ጠባቂ ኒንካሲ የምትባል ሴት አምላክ ናት ብለው ያምኑ ነበር። መጠጥ ቤት ከፍተው ከሚሸጡትም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። እንዲያውም የሱመር የነገሥታት ዝርዝር ኩባባ የምትባል መጠጥ ሻጭ ሴት ኪሽ በምትባለው ከተማ እንደ ነገሠች ይናገራል። መቶ ዓመት ገዛች ስለሚል ቍጥሩን ማመን ያስቸግራል፤ ነገር ግን ጸሐፊው የንግሥቲቱን የቀድሞ ሥራ ሳያፍር መጻፉ፥ ሥራው ያን ጊዜ እንደ ነውር እንዳልተቈጠረ ያስረዳል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1792 እስከ 1750 በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ሕግ ውስጥ ስለ መጠጥ ሻጮች የተነገሩ አንቀጾች አሉ፤ ሻጪቱንም በሴት ጾታ ነው የሚጠሯት። ዋጋ ያጭበረበረች ወደ ውኃ ትጣል ይላል። ወንጀለኞች በቤቷ ተሰብስበው ሲመክሩ ይዛ ለቤተ መንግሥት ያላስረከበች ትሙት ይላል። ቅጣቱ የከበደ ነው፤ ሆኖም የሚቀጣው ማጭበርበሩንና አድማውን ነው እንጂ መጠጣቱን አይደለም። መጠጥ ቤት በመግባቷ ብቻ የምትቀጣው ለጣዖት ቤት የተለየችው ሴት ናት፤ እርሷ መጠጥ ቤት ብትከፍት ወይም ልትጠጣ ብትገባ በእሳት እንድትቃጠል ታዟል። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንሥቶ አንድ ነገር እናያለን፤ ሴት «የተቀደሰች» ወይም «የተከበረች» በተባለች መጠን ዋንጫው ከእርሷ ይርቃል።

ግብጾች በዚህ ነገር ልበ ሰፊ ነበሩ። ሐቶር ለምትባለው አምላካቸው ሰው እስኪሰክር የሚጠጣበት በዓል ያከብሩ ነበር። ኤል ካብ በሚባለው ስፍራ በአንድ መኰንን መቃብር ግድግዳ ላይም፥ በግብዣ የተቀመጠች ሴት ጕሮሮዋ መድረቁን ተናግራ አሥራ ስምንት ዋንጫ ወይን ስትጠይቅ ተጽፎ ይታያል። ሠዓሊው ሊወቅሳት አልሣላትም፤ የመቃብሩን ጌታ ግብዣ ማድመቂያ አድርጎ ነው የሣላት።

በዕብራውያን ዘንድ የነበረውን አስተያየት ለማወቅ የሐናን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። መካኒቱ ሐና በሴሎ ቤተ መቅደስ ሆና በልቧ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ስለ ነበረ፥ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርሷ ግን ወይን እንዳልቀመሰች፥ ኀዘኗን በእግዚአብሔር ፊት እንዳፈሰሰች ስትነግረው ቃሉን መልሶ መረቃት። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ የካህኑ መሳሳት አይደለም፤ ማንም ይሳሳታል። የሚደንቀኝ በሴት ላይ ለመፍረድ የሚያስፈልገው ማስረጃ ማነሱ ነው። የከንፈሯ መንቀሳቀስ በቃ። ዔሊ ግን ሰምቶ ፍርዱን ለወጠ፤ ከእርሱ በኋላ ከተነሡት ፈራጆች ብዙዎቹ ይህን ያህል እንኳ አላደረጉም።

ይህን ማለቴ ስለ ሮማውያን ነው። በጥንታዊት ሮማ ሴት ወይን እንዳትጠጣ ክልክል ነበረ። ፕሊኒ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ ኤግናጥዮስ የሚባል ሰው ሚስቱን ከጋን ወይን ስትጠጣ ቢያገኛት በዱላ ደብድቦ ገደላት፤ የከተማዪቱ መሥራች ሮሙሉስም ከነፍሰ ገዳይነት ክስ በነፃ ለቀቀው። ሌላዪቱ እመቤት ደግሞ የወይን ጓዳው ቍልፍ ያለበትን ሣጥን ስለ ከፈተች ቤተ ዘመዶቿ በረኃብ እንድትሞት አደረጓት። የሮሙሉስ ዘመን ወሬ ከተረት ጋር የተቀላቀለ ስለ ሆነ፥ ነገሩ በእርግጥ እንዲህ ለመሆኑ ማንም ሊምል አይችልም። ነገር ግን ሮማውያን ይህን የአባቶች ጨዋነት ምሳሌ አድርገው ለልጆቻቸው መተረካቸው ከእውነተኛው ታሪክ አያንስም። ቫሌርዮስ ማክሲሞስ የተባለው ጸሐፊ፥ ያን ገዳይ የሚከሰው ቀርቶ የሚወቅሰውም አልተገኘም ሲል እንደ በጎ ነገር ነው የጻፈው።

በዚያው አገር አንዲት ሴት የራሷንና የባሏን ዘመዶች ባገኘች ጊዜ በአፏ መሳም ነበረባት። የፍቅር ሰላምታ ይመስላል። ሽማግሌው ካቶ እንዳስረዳው ግን፥ ምክንያቱ ወይን ወይን ትሸት እንደ ሆነ ለማወቅ ነበረ፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስም ይህንኑ ጽፏል። እስቲ አስቡት፤ በየቀኑ በሰላምታ ስም የምትፈተሽ ሴት! ሳሚው አጎቷ ሊሆን ይችላል፤ የባሏ ወንድም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ዘብ ነው።

ይኸው ካቶ የሮማን ልማድ ሲያብራራ፥ ሴት ወይን በመጠጣቷ የሚፈረድባት ፍርድ በዝሙት ከሚፈረድባት እንደማያንስ ተናግሯል። ጨምሮም ሚስቱን በዝሙት የያዘ ባል ያለ ፍርድ ቢገድላት እንደማይጠየቅ፥ ባሏን በዝሙት የያዘች ሚስት ግን ጣቷን እንኳ ልታነሣበት እንደማትደፍር አስረድቷል። ይህን የተናገረው ሊቃወመው አይደለም፤ እንደ ተራ ነገር ነው። ለእኛ ግን የምሥጢሩን መክፈቻ ሰጥቶናል። ሮማውያን የፈሩት ወይኑን አልነበረም። ወይን ወደ ዝሙት ያደርሳል፥ ዝሙትም ወራሹ የማን ልጅ እንደ ሆነ ያጠራጥራል ብለው ነው የፈሩት። ባል ቢሰክር የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ ሚስት ብትሰክር የሚጠፋው የዘር እርግጠኝነት ነው አሉ። ያ ሣጥን በዚያ ሁሉ ጭካኔ የተጠበቀው በውስጡ የጓዳ ቍልፍ ብቻ ስላለ አይደለም።

ክልከላ ሲጠብቅ ሰው መንገድ አያጣም። የሮማ እመቤቶች ቦና ዴአ ለምትባለው አምላክ ወንድ የማይደርስበት በዓል በየዓመቱ በሌሊት ያከብሩ ነበር። ወይን ወደዚያ ይገባ ነበር፤ ግን ወይኑ «ወተት»፥ ማድጋውም «የማር ማድጋ» ተብሎ እንዲጠራ ደንብ ነበረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በአገራችንም ጠጁን በቡና ሲኒ ቀድተው የሚጠጡ እመቤቶች ትዝ ብለውኝ ፈገግ አልሁ።

ዘመኑ እየገፋ፥ ሀብቱም እየበዛ ሲሄድ ክልከላው ላላ። የአውግስጦስ ቄሣር ሚስት ሊቪያ ከሰማንያ ዓመት በላይ መኖሯን ፑኪኑም ከሚባል ስፍራ ከሚመጣው ወይን የተነሣ እንደ ሆነ ታምን ነበር፤ ከዚያ ሌላም ወይን አትጠጣም ነበር ይባላል። በዱላ ከተገደለችው ሴት አንሥቶ በአደባባይ ወይኗን እስከምታመሰግነው እቴጌ ድረስ ያለውን ርቀት ልብ በሉ። በዚያው በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈላስፋ ሴኔካ፥ ሴቶች ከወንድ እኩል እየጠጡ እንደ ወንድ በሪህ መታመምና ራሳቸው መመለጥ ጀመረ ብሎ አማረረ። ወንዶቹንም በዚያው መጽሐፉ ክፉኛ መውቀሱን አልክድም፤ ለእርሱ ትልቁ ተአምር ግን የሴቶቹ መላጣ ነበረ።

ከሮማ ግዛት ሳልወጣ የሞኒካን ነገር ልጨምር፤ ለእናንተ ዕድሜ የሚስማማ ነውና። ሞኒካ በአራተኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ የኖረች የአውግስጢኖስ እናት ናት። ልጇ በኑዛዜ መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ በልጅነቷ ወላጆቿ ከበርሜሉ ወይን እንድትቀዳ ይልኳት ነበር። እርሷም በልጅነት ቅብጠት ከንፈሯን ታስነካ ጀመር፤ ዛሬ ጥቂት፥ ነገም ጥቂት እየጨመረች፥ በመጨረሻ ሙሉ ለሙሉ የተቀዳ ጽዋ ከመጨለጥ ደረሰች። አብራት ወደ ጓዳ የምትወርድ አንዲት ገረድ በተጣሉ ጊዜ «ሰካራም» ብላ ሰደበቻት። ስድቡ ወጋት፤ ነገሩን አሰበችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ተወች። ይህን ታሪክ ከሌሎቹ አብልጬ የምወደው ዱላም፥ ሣጥንም፥ የሚያሸት ዘመድም ስለሌለበት ነው። ልጅቱ ራሷን አየች፤ በራሷም ላይ ፈረደች።

አሁን ብዙ መቶ ዓመት እዘላለሁ። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ከእኛ ጠላ የሚቀራረበውን «ኤል» የሚባል መጠጥ በብዛት የሚጠምቁት ሴቶች ነበሩ። ባል የሞተባት፥ ያላገባች፥ ባሏ ድሀ የሆነ ሁሉ ለቤቷ ጠምቃ የተረፈውን ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። ኤል ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ሩቅ አይወሰድም፤ ስለዚህ ሥራው በየቤቱ የሚሠራ ትንሽ ንግድ ሆኖ ኖረ። ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን ከባሕር ማዶ ሆፕስ የሚባል ተክል የሚጨመርበት ቢራ እየተስፋፋ መጣ። ሆፕስ እንደ ጌሾ መራራ ነው፤ መጠጡንም ሳይበላሽ ያቆየዋል። የሚቆይ መጠጥ በብዛት ይጠመቃል፤ በጋሪና በመርከብ ይጓዛል፤ ለዚህም ሰፊ ቤት፥ ብዙ ገንዘብ፥ ብድርና የነጋዴ ማኅበር ያስፈልጋል። ያገባች ሴት በስሟ ተበድራና ተዋውላ እንድትነግድ የአገሩ ሕግ አይመቻትም ነበር። ስለዚህ በ1600 ገደማ ጠመቃው በብዙ ስፍራ ወደ ወንዶች እጅ ገብቶ ነበር። ጌሾን የመሰለ አንድ ተክል የሴቶችን እንጀራ ወሰደ ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አልቀረም። ጠማቂዋ ሴት በግጥምና በሥዕል መሣቂያ ሆነች። ላድሎ በምትባለው ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራን መቀመጫ ሥር የተቀረጸ ምስል እስከ ዛሬ አለ፤ ሰይጣን ጠማቂዪቱን ከነሐሰተኛ መስፈሪያዋ ተሸክሞ ወደ ሲኦል ሲወስዳት ያሳያል። መስፈሪያ የሚያጎድል ወንድ ነጋዴ ያን ጊዜ አልነበረም ይሆን?

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የሚያሳዝን ነው። ከ1690 ጀምሮ የእንግሊዝ ፓርላማ ከአገር እህል አረቄ የማውጣትን ሥራ ነፃ ስለ ለቀቀው፥ ጂን የሚባለው አረቄ ሎንዶንን አጥለቀለቃት። በ1743 በእንግሊዝ በአንድ ዓመት የተጠጣው ከ7 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ነበር። ቢራ ቤቱ የወንዶች ሸንጎ ሲሆን፥ ጂን ግን ሴቶች ሻማና ሳሙና በሚገዙበት ተራ ሱቅ፥ በጎዳናም በእጅ ጋሪ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ድሀዪቱ ሴት ያለ ከልካይ አገኘችው፤ ሌላ ሥራ ያጣችዋም ራሷ ቸርቻሪ ሆነች። ሕዝቡ መጠጡን «ወይዘሮ ጄኔቫ» ብሎ በሴት ስም ጠራው።

በ1734 መጀመሪያ ጁዲት ዴፎር የምትባል ሐር በመፍተል የምትኖር ሴት፥ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ከድሆች መጠጊያ ቤት ለጥቂት ሰዓት ብላ አወጣቻት። በዚያ ቤት ለሕፃኒቱ አዲስ ልብስ አልብሰዋት ነበር። እናቲቱ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሆና ልጅቱን አንቃ ገደለች፤ ልብሷን በአንድ ሽልንግ ከአራት ሳንቲም ሸጠው ጂን ጠጡበት። ዴፎር በዚያው ዓመት ተሰቀለች። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ሆኖም የአንድ ወገን ጠበቃ ሆኜ የሚያሳፍረውን ልደብቅ አልችልም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1736፥ ፓርላማው ጂን ለመሸጥ የ50 ፓውንድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ አወጣ። ሀብታሙ ነጋዴ ዘዴ አላጣም፤ በየመንገዱ ተይዘው ወደ ወኅኒ ከገቡት ግን ብዙዎቹ በጋሪና በዘንቢል የሚቸረችሩ ድሀ ሴቶች ነበሩ። ሕጉ አልሠራም፤ በ1743 ተሻረ። በ1751 ሠዓሊው ሆጋርት «የጂን መንደር» ብሎ የሠራውን ሥዕል አሳተመ። በመካከሉ አንዲት የሰከረች እናት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሱረት ስትቈነጥር ሕፃኗ ከክንዷ አምልጦ ሲወድቅ ይታያል። በሥዕሉ ውስጥ ወንዶችም አሉ፤ በረኃብ የደረቀ አለ፥ ከውሻ ጋር አጥንት የሚግጥ አለ፥ ራሱን የሰቀለ አለ። ሥዕሉን ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን እናቲቱን ነው። የድህነቱ፥ የሥራ ማጣቱ፥ ከእህሉ ሽያጭ የሚያተርፈው ባለ መሬትና ከአረቄው ቀረጥ የሚሰበስበው መንግሥት ጥፋት ሁሉ በአንዲት ሴት ጕልበት ላይ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት የወጣው አዲስ ሕግ ሻጩን ከጠጪው ይልቅ ስለ ተቈጣጠረ፥ የእህልም ዋጋ እየተወደደ ስለ ሄደ፥ ያ ዘመን ቀስ በቀስ አለፈ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ፍርዱ ሌላ ልብስ ለበሰ። ሴት የቤት መልአክ ናት፥ ንጽሕት ናት፥ መጠጥን በተፈጥሮዋ ትጠላለች ተባለ። ይህ አባባል ማሞገሻ ነበረ፤ ግን በታኅሣሥ 1873 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ አገር ባለችው በሂልስቦሮ ከተማ ሴቶቹ ማሞገሻውን መሣሪያ አደረጉት። በገና ዋዜማ ኤሊዛ ቶምሰን የምትባል የአንድ የቀድሞ አገረ ገዥ ልጅ እየመራቻቸው ከቤተ ክርስቲያን ተሰልፈው ወጡ፤ ወደ መጠጥ ቤቶቹ ሄደው ባለቤቶቹን ንግዱን እንዲተዉ ለመኑ። ባላስገቧቸው ጊዜ በደጁ በብርድና በበረዶ ተንበርክከው ጸለዩ። እነዚህ ሴቶች በምርጫ ድምፅ የላቸውም። ባል ደመወዙን መጠጥ ቤት ጨርሶ ቢመለስ፥ ተመልሶም ቢደበድብ፥ ሚስቲቱ አቤት የምትልበት ደጅ ጠባብ ነበረ። ስለዚህ በጕልበታቸው ተንበርክከው ያቀረቡት ጸሎት የአቤቱታ ወረቀታቸው ነበረ ማለት ይቻላል። እንቅስቃሴው ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ፤ ብዙ መጠጥ ቤቶችም ለጊዜው ተዘጉ።

በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር በክሊቭላንድ ከተማ የክርስቲያን ሴቶች የመጠጥ ተቃዋሚ ማኅበር ተመሠረተ። ከ1879 እስከ ሞተችበት እስከ 1898 የመራችው ፍራንሲስ ዊላርድ፥ ቤታችንን ከመጠጥ ለመጠበቅ የምርጫ ድምፅ ያስፈልገናል ብላ አስተማረች። በኒውዚላንድ በ1893 ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙበትን ትግል የመራችው ኬት ሼፐርድም ከዚሁ ማኅበር የወጣች ናት። ታሪክ እንዲህ ያለ ጠማማ መንገድ አለው፤ «ዋንጫ አትንኪ» የተባለችው ሴት በዚያው ዋንጫ ምክንያት ወደ ምርጫ ሣጥኑ ደረሰች።

የሞኒካን ጽዋ የምትጨልጥ ሴት ግን በዚያ ዘመን መግቢያ አልነበራትም። መላእክት አይሰክሩምና፥ የሰከረችዋ ሴት እንደ ሌለች ተቈጠረች፤ ብትገኝም ከወንዱ ሰካራም ይልቅ ተስፋ የሌላት ተባለች። ብዙዎቹ ጠርሙሱን ሸሸጉ። ከ1875 ጀምሮ ይሸጥ የነበረው ሊዲያ ፒንክሃም የምትባል ሴት ያወጣችው የሴቶች መድኃኒት ከመቶ አሥራ ስምንት ያህል እጁ አልኮል ነበረ። መጠጥ በከንፈሬ አይደርስም ያለችውም እመቤት በማንኪያ እየለካች ትወስደው ነበር። የሮማ ሴቶች «ወተት» ያሉትን እነርሱ «መድኃኒት» አሉት።

በጥር 1920 በአሜሪካ መጠጥ መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሴቶች በመላው አገር የመምረጥ መብት አገኙ። ከክልከላው በፊት የነበረው መጠጥ ቤት የወንዶች ብቻ ነበረ ማለት ይቻላል። በድብቅ የተከፈተው ግን ለማንም በሩን ስለሚከፍት፥ ሴቶችና ወንዶች በአንድ ጠረጴዛ አብረው ይጠጡ ጀመር። ሕጉን ደግፋ የነበረችው ፖሊን ሴቢን የተባለች ባለጸጋ፥ ለልጆቼ ይበጃል ብዬ የደገፍሁት ሕግ ልጆችን ሕግ መናቅ እያስተማረ ነው ብላ በ1929 ክልከላውን የሚቃወም የሴቶች ማኅበር አቋቋመች። ክልከላው በታኅሣሥ 1933 ተሻረ። የሚገርመው ሁለቱም ማኅበሮች የተናገሩት በእናትነት ስም መሆኑ ነው፤ አንደኛው በሩን ለመዝጋት፥ ሁለተኛው ለመክፈት።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በአውስትራልያ በብሪዝበን ከተማ በመጋቢት 1965 ሁለት ሴቶች፥ መርል ቶርንተንና ሮዛሊ ቦግነር፥ የሴት እግር እንዳይረግጠው በሕግ በተከለከለ መጠጥ ቤት ገብተው እግራቸውን ከብረቱ ጋር በሰንሰለት አሰሩ፤ ሕጉ በ1970 ተለወጠ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ከ1854 ጀምሮ ሴት የማያስተናግድ አንድ የታወቀ መጠጥ ቤት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ደጁን ከፈተ። በሎንዶን ደግሞ ጋዜጠኞች በሚሰበሰቡበት በፍሊት ጎዳና ያለ አንድ ወይን ቤት ሴቶች ከኋላ ክፍል ተቀምጠው እንጂ ባንኮኒው አጠገብ ቆመው እንዳይጠጡ ይከለክል ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህ የመብት መጓደል ነው ብሎ የፈረደው በ1982 ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ወንዶቹ ጋዜጠኞች በዚያ ባንኮኒ ቆመው የሚለዋወጡት ወሬ የነገ ጋዜጣ ነበረ፤ ከዚያ የተባረረች ሴት የተከለከለችው ወይኑን ብቻ አልነበረም።

ሐኪሞች ደግሞ የሚናገሩት አለ፤ ይህን የምጠቅሰው ፍርድ ሳይሆን እውቀት ስለ ሆነ ነው። በፈረንሳይ በ1968፥ ቀጥሎም በአሜሪካ በ1973 በታተሙ ጥናቶች፥ ነፍሰ ጡር እናት የምትጠጣው አልኮል ፅንሱን እንደሚጎዳ፥ ልጁም በአካሉና በአእምሮው ጉድለት ይዞ ሊወለድ እንደሚችል ታወቀ። የሴት ሰውነት ከወንድ ያነሰ ውኃ ስለሚይዝ፥ እኩል ቢጠጡ አልኮሉ በእርሷ ደም ውስጥ ይበረታል። እንዲህ ያለውን ነገር ለአንዲት ወጣት አስረድቶ ውሳኔውን ለእርሷ መተው አንድ ነገር ነው፤ አፏን አሽትቶ መደብደብ ሌላ ነው። የልጁ ነገር ያሳስበናል የሚሉ ሰዎችም ነፍሰ ጡሯን ሚስቱን ሰክሮ ስለሚደበድበው ባል እኩል ቢያሳስባቸው መልካም ነበረ።

ነገሩ በእኛ ዘመንም አላለቀም። በስሪላንካ ከ1979 ጀምሮ ለሴት መጠጥ መሸጥ የሚከለክል ደንብ ነበረ። በጥር 2018 የገንዘብ ሚኒስትሩ ደንቡን ሻሩት፤ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ፕሬዚዳንቱ ሽረቱ እንዲነሣ አዘዙ። ያን ጊዜ አቤቱታቸውን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያቀረቡ ሴቶች ነበሩ። በዚያች አገር ከሴቶቹ አብዛኞቹ መጠጥ በአፋቸው አይዞርም፤ አቤት ባዮቹም የጠየቁት ጠርሙስ አይደለም፤ ሱቅ ገብተው እንደ ማንኛውም ዜጋ መቈጠርን ነው።

ያቺ የጎረቤታችን ሴት ከዚያ ሠርግ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። እንጀራዋ ነበረና መጥመቁን አልተወችም፤ መቅመሱን ግን ተወች። ጥንስሱ ሲደርስ የሚቀምስላት ባሏ ሆነ።